ጉልበት ሲሉ የትኛውን ነው?

ወንዛዬ ፍል ውሃ ስትደርሱ ከሰው ፊት በፊት ዓይናችሁ የሚያርፈው ጉልበት ላይ ነው። ሱሪው ተጠቅልሎ፣ ቀሚሱ ተሰብስቦ፣ ያበጠው፣ የተጣመመው፣ ሲታጠፍ የሚንቋቋው ሁሉ ተራውን ይጠብቃል። ቦታው ደራ ወረዳ፣ ጉማራ ወንዝ አጠገብ ነው፤ ጉማራ ደግሞ ከጉና ተራራ ተነሥቶ ጣና የሚገባ ወንዝ ነው። እኔም የመጣሁት ከዚያው ከጉና ነበር። በ47 ዓመቴ ከቢሮ ወንበር ተነሥቼ ጉና ወጣሁ፣ ወረድኩ፤ ከዚያ ለሁለት ቀን ደረጃ የምወርደው ግድግዳ እየደገፍኩ፣ ወደ ጎን እንደ ጎርምጥ ሆነ።

አጠገቤ እግራቸውን የነከሩት አባት ሰባውን ሳያልፉ አይቀሩም። «አባባ፣ ዳገቱ ነው እንዲህ ያደረገዎት?» አልኳቸው። ሳቁብኝ። «ዳገቱስ ግድ የለም ልጄ፣ ዛሬም እወጣዋለሁ። ቁልቁለቱ ነው የጨረሰኝ።»

ከዚያ ወዲህ ያገኘሁትን ሰው ሁሉ ይዤ ይህን አወራለሁ፤ ዛሬ ተራው የእናንተ ነው። በጥር ጉና አብረን እንውጣ ያላችሁኝ፣ እኔ ደግሞ «ዕድሜያችን ይፈቅዳል እንዴ?» ብዬ የፈራሁት፣ ሁላችሁም ስሙኝ። አባባ ያሉትን ነገር አጥኚዎችም በላቦራቶሪ ለክተው አግኝተውታል።

መጀመሪያ ግን አማርኛችንን ላድንቅ። ለእግር መታጠፊያውም ለኃይልም አንድ ቃል ነው የሰጠው፤ ጉልበት። «ጉልበቴ ከዳኝ» የሚል ሰው የትኛው እንደከዳው አይለይም፣ መለየትም አያስፈልገውም። ሐኪም ቢጠየቅ የሚለው ያንኑ ነው፤ መታጠፊያውን ጉልበት ከመበላት የሚጠብቀው ከበላዩ ያለው የጭን ጡንቻ ኃይል ነው። ጡንቻው ሲሟሽሽ ሸክሙ ሁሉ አጥንት ላይ ያርፋል። አንዱ ጉልበት ሌላውን ይሸከማል ማለት ነው።

አሁን እንቆቅልሹ። ዕድሜ ልኩን ተራራ ሲወጣ የኖረ ሕዝብ ጠንካራ ነው እንላለን፤ እውነትም ነው። ታዲያ ወንዛዬ ላይ ወረፋ የያዘው ማን ነው? ያው ሕዝብ! ከዚህ ተነሥቶ «ጉልበት እንደ መኪና ጎማ ነው፣ በተራመድክበት ቁጥር ያልቃል፣ ስለዚህ ተቀመጥ» የሚል ሰው አይጠፋም። እኔም ለብዙ ዓመት እንዲህ አምኜ ነው የተቀመጥኩት (ደስ የሚል እምነት ነው፣ ምንም አያደክምም)።

ግን ጉልበት ጎማ አይደለም። በሁለቱ አጥንቶች መካከል ያለው ለስላሳ ንጣፍ የደም ሥር የለውም። ምግቡን የሚያገኘው እንደ ስፖንጅ ነው፤ ሲጫኑት ያረጀውን ፈሳሽ ይተፋል፣ ሲለቁት አዲሱን ይመጠምጣል። የማይጫኑት ንጣፍ ይራባል። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ፣ ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ የደመረ ሥራ ሯጮችን ከማይሮጡ ሰዎች ጋር አስተያይቶ ነበር። የዳሌ ወይም የጉልበት መገጣጠሚያ ብግነት የተገኘባቸው ለጤናቸው በመጠኑ ከሚሮጡት 3.5 በመቶ፣ ከማይንቀሳቀሱት 10.2 በመቶ፣ ለውድድር ራሳቸውን ከሚጨርሱት 13.3 በመቶ ናቸው። አያችሁት? ሁለቱም ዳር ገደል ነው። ወንዛዬ ላይ የማያቸው ገበሬዎችና እናቶች ከሦስተኛው ወገን ናቸው፤ በእንስራ ውሃ፣ በጀርባ እንጨት፣ በትከሻ እህል ተሸክመው፣ ዕረፍት ሳያውቁ አርባና ሃምሳ ዓመት ቁልቁለት የወረዱ። እኔ ደግሞ የሁለተኛው ነኝ። ፍል ውሃው ላይ ተገናኘን።

ቁልቁለት ለምን እንዲህ ይከፋል? ይህን ለማስረዳት ከደብረ ታቦር የተሻለ ቦታ የለም።

ጋፋትን ታውቃላችሁ፤ ከከተማው ብዙም አይርቅም። ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን ያስፈሰሱት እዚያ ነው። ያ መድፍ ወደ 7 ቶን ይመዝናል፤ በ1860 ዓ.ም. ከዚያ ተነሥቶ መቅደላ እስኪደርስ ከ5 ወር በላይ ፈጀ። ንጉሡ ያኔ ሃምሳ ዓመት ሊሞላቸው ትንሽ ነው የቀራቸው፤ መንገዱ ሲጠረግ በገዛ እጃቸው ድንጋይ ያነሡ እንደነበር ያዩት ጽፈዋል። እስቲ ያንን ሠረገላ አስቡት። ዳገት ሲሆን ሰዉ ከፊት ሆኖ ይስባል። ቁልቁለት ሲሆንስ? ከፊት የሚቆም የለም፣ ይደፈጥጠዋል። ሰዉ ሁሉ ወደ ኋላ ይዞርና ገመዱን ወጥሮ፣ ተረከዙን መሬት ላይ ተክሎ፣ እየተጎተተ ይይዛል። ገመዱ የሚበጠሰው፣ መዳፍ የሚላጠው መቼ ይመስላችኋል? ሲይዙ ነው እንጂ ሲስቡ አይደለም።

የጭናችሁ ጡንቻ እንደዚያው ነው። ዳገት ስትወጡ እያጠረ ይስባል። ቁልቁለት ስትወርዱ ግን እየተለጠጠ ይይዛል፤ ክብደታችሁ ወደ ታች ይጎትተዋል፣ እሱ «አልለቅም» ይላል፣ ግን እየለቀቀ ነው። በዚህ ጊዜ ጥቃቅን ክሮቹ ይሰነጣጠቃሉ። ሕመሙ የዚያኑ ዕለት አይመጣም፤ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ቆይቶ ነው የሚበረታው። ለዚህ ነው ከጉና በወረድኩ ማግሥት ፎክሬ፣ በሦስተኛው ቀን የተንበረከክሁት። በዚህ ላይ በእያንዳንዱ የቁልቁለት እርምጃ የጉልበት መታጠፊያ የሰውነትን ክብደት ሦስትና አራት እጥፍ ይሸከማል። 20 ኪሎ ጀርባችሁ ላይ ከጨመራችሁ ጉልበታችሁ የሚቆጥረው 20 ብሎ አይደለም።

እዚህ ጋ ግን ልቤን ያሞቀው ነገር አለ። ጡንቻ አንድ ጊዜ በቁልቁለት ከተቀጣ በኋላ ትምህርቱን አይረሳም። ከዚያ ቀጥሎ ለሳምንታት ያንኑ ቁልቁለት ቢወርድ ጉዳቱም ሕመሙም በጣም ያነሰ ነው። ክሮቹ ሲጠገኑ መለጠጥን እንዲችሉ ሆነው ነው የሚጠገኑት። ይህ በወጣትም በሽማግሌም ይሠራል። ስለዚህ ለጥር የምትዘጋጁት ዳገት በመሮጥ ብቻ አይደለም። በርጩማ ላይ ወይም ደረጃ ላይ በአንድ እግር ቁሙ፤ ሌላውን እግር ወደ መሬት አውርዱ፣ ግን በጣም በዝግታ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብላችሁ እየቆጠራችሁ። ተረከዝ መሬት ነካ ሲል ተመለሱ። በእያንዳንዱ እግር ስምንት፣ ዐሥር ጊዜ፤ በሳምንት ሁለት ቀን ይበቃል። ሕፃን ልጅ የሚሠራው ነገር ይመስላል። ሞክሩትና ንገሩኝ።

ሁለተኛው መድኃኒት ዱላ ነው። ደቡብ ጎንደር ላይ ዱላ የማይዝ ሰው ፈልጋችሁ አታገኙም፤ እኛ ከተሜዎቹ ግን እናፍርበታለን፤ ያረጀን ይመስለናል። በሁለት እጅ ምርኩዝ ይዘው ቁልቁለት የወረዱ ሰዎች ሲለኩ ጉልበታቸው ላይ የሚያርፈው ጫና እስከ 25 በመቶ ቀንሶ ተገኝቷል። አውሮፓውያን ተራራ ወጪዎች ለዚያ ነገር ብዙ ገንዘብ ይከፍላሉ። እኛ ከወይራ እንቆርጠዋለን።

ስለ ትንፋሽ ብዙ አልቆይም፤ ሁላችሁም የምትፈሩት እሱን ነው፣ ከሁሉ ያነሰ ሊያስፈራችሁ የሚገባውም እሱ ነው። እርግጥ የልብ ከፍተኛ ምት በዕድሜ ይቀንሳል። ከ208 ላይ ዕድሜን በ0.7 አባዝቶ መቀነስ የተለመደ ግምት ነው፤ የ30 ዓመት ሰው 187 ገደማ፣ የ60 ዓመቱ 166። ጉናም ከ4,100 ሜትር በላይ ነው፤ እዚያ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ስድስት ዐሥረኛው ያህል ነው። ግን የደጋ ሰው ደም ለዚህ እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት ሰሜን ተራሮች ውስጥ አምባራስ ላይ፣ 3,530 ሜትር ከፍታ ላይ የሚኖሩ ወገኖቻችንን መርምሮ ነበር። የሄሞግሎቢናቸው መጠንም በደማቸው ያለው ኦክስጅንም ባሕር ጠረፍ ከሚኖር ሰው እምብዛም አይለይም። የአንዲስ ተራሮች ሰዎች ደማቸውን ያወፍራሉ፤ የእኛዎቹ ሳያወፍሩ ይኖራሉ። አጥኚዎቹ ተገረሙ። እና ትንፋሽ በልምምድ ብዙ ይቆያል። ቀነኒሳ በቀለ እ.ኤ.አ. በ2024 ለንደን ላይ ማራቶንን በ2:04:15 ጨርሶ ሁለተኛ ሲወጣ 41 ዓመቱ ነበር።

ታዲያ ሳናውቀው ቀድሞ የሚሄደው ምንድን ነው? ፍጥነት ያለው ኃይል። ከባድ ነገር ማንሣት መቻል አንድ ነገር ነው፤ እግር ሲያዳልጥ በቅጽበት ሌላውን እግር ማስቀደም ሌላ ነገር ነው። ከስልሳ አምስት በኋላ የመጀመሪያው በዓመት ከ1 እስከ 2 በመቶ ሲቀንስ፣ ሁለተኛው ከ3 በመቶ በላይ ይቀንሳል። ሽማግሌ ገደል ላይ የሚወድቀው ደክሞ ብቻ አይደለም፤ ዘግይቶም ነው። ሚዛን ደግሞ አብሮ ይሄዳል። ብራዚል ውስጥ ከ51 እስከ 75 ዓመት የሆናቸውን 1,702 ሰዎች «በአንድ እግራችሁ 10 ሰከንድ ቁሙ» አሏቸው። ከአምስቱ አንዱ አልቻለም። በቀጣዮቹ ሰባት ዓመታት ካልቻሉት መካከል የሞቱት በመጠን እጅግ በዙ። አንድ እግር ላይ መቆም ዕድሜ ያስረዝማል ማለት አይደለም፣ እንዳትሳሳቱ፤ ሰውነት ውስጥ ያለውን ሁሉ በአንድ ጊዜ የሚገልጥ መስተዋት ነው እንጂ።

እና እዚህ ላይ የምቀናባቸው ሰዎች አሉ። ጋይንት ውስጥ ያለውን ዙር አምባን አስቡ፤ ቅዱስ ያሬድ ዝማሬን የደረሰበት ነው ተብሎ የሚነገርለት፣ ዛሬም ዝማሬ መዋሥዕት የሚመሰከርበት። ቤተልሔምም ለድጓ እዚያው ጋይንት ነው። እነዚህ አገሮች ላይ ያረጁ መሪጌቶች ሌሊቱን ሙሉ ማኅሌት ሲቆሙ አይታችኋል? መቋሚያ ተደግፈው፣ ጽናጽል ይዘው፣ ክብደታቸውን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው በዝግታ ሲያሸጋግሩ፣ ሲያዘነብሉ፣ ሲመለሱ። ዝማሜ ይሉታል። ለምስጋና እንጂ ለስፖርት ብሎ የሚዘምም የለም፤ ሆኖም ሐኪም ለአረጋውያን ሚዛን የሚያዘው እንቅስቃሴ ቢበዛ የዚህ ታናሽ ወንድም ነው። ስግደትም እንዲሁ። ከቁመት መሬት ድረስ ወርዶ፣ ያለ ወንበር፣ ያለ ድጋፍ መነሣት! በሰሙነ ሕማማት የሚሰግዱ አሮጊቶችን እያየሁ እኔ ከሶፋ ስነሣ «ኡፍ» የምለው ትዝ ይለኛል።

እስካሁን ያወራሁት ስለ እግር ነው። ከእናንተ መካከል «እኛ የምንፈልገው መሄድ ሳይሆን ዐለት ላይ በእጅ ተንጠልጥሎ መውጣት ነው» ያለኝ አለ። (ራሱን ያውቃል።) ለእሱ የደብረ ዳሞን መነኮሳት ላሳየው እወዳለሁ። ወደ ገዳሙ የሚገባው 15 ሜትር ገደማ የሆነ ቀጥ ያለ ገደል በጠፍር ተይዞ ሲወጣ ነው፤ ሌላ በር የለውም። ወንድ ብቻ ነው የሚገባው። ወገባችሁ ላይ ሌላ ጠፍር ይታሰርና ከላይ ያሉት ይይዙላችኋል። ወጣቱ ጎብኚ በክንዱ ራሱን ሊጎትት ይሞክርና መንገድ አጋማሽ ላይ እጁ ይንቀጠቀጣል። ሽማግሌው መነኩሴ ግን ባዶ እግሩን ግድግዳው ላይ ይተክላል፣ ወደ ኋላ ዘንበል ይላል፣ በእግሩ ይራመዳል። እጁ መያዝ ብቻ ነው ሥራው። ገርዓልታ ውስጥ አቡነ የማታ ጎህ ላይም ይኸው ነው፤ ሴትም ወንድም ጫማውን አውልቆ፣ በትውልድ እግር የተቦረቦረውን ዐለት እየረገጠ ይወጣል። ቀሳውስቱ አገልግሎት በደረሳቸው ቁጥር ይወጡታል፤ አብሯቸው ያረጀ ገደል ነው።

ክንድ የባትን ያህል ሥጋ የለውም፤ ሚስጥሩ ይህ ብቻ ነው። በዕድሜ የገፉ ጥሩ ዐለት ወጪዎች በሙሉ በእግር ጣታቸው የሚቆሙ፣ ዳሌያቸውን ወደ ዐለቱ የሚያስጠጉ፣ ጡጫቸውን የሚቆጥቡ ናቸው። ስዊዘርላንዳዊው ማርሴል ሬሚ እ.ኤ.አ. በ2017፣ በ94 ዓመቱ፣ ከሁለት ልጆቹ ጋር በአልፕስ ከ400 ሜትር በላይ የሆነ የዐለት ግድግዳ ወጥቷል። የዘጠና አራት ዓመት ክንድ ምን ጉልበት ይኖረዋል? እግሩን ያውቅበት ነበር።

ጣት ላይ ግን ጥንቃቄ አለ። ጣታችንን የሚያጥፈው ጡንቻ ያለው ክንድ ላይ ነው፤ ከዚያ ረጅም ጅማት ወደ ጣት ይሄዳል፣ ጅማቱን አጥንት ላይ አጥብቀው የሚይዙ ትናንሽ ቀለበቶች አሉ። ጠባብ ጠርዝ በጣት ጫፍ ስትቆነጥጡ የሚበጠሱት እነዚያ ናቸው። ጡንቻ በሳምንታት ይጠነክራል፤ ጅማት ወራት ይፈልጋል፣ ደም በደንብ አይደርሰውምና። ዕድሜ ሲጨምር ደግሞ ይባስ ይዘገያል። የሃምሳ ዓመት ጀማሪ የሚጎዳው ለዚህ ነው፤ ጡንቻው «ችያለሁ» ሲል ጅማቱ ገና አልሰማም። ጅማት መወጠር ይወዳል፣ መደንገጥ አይወድም። የዛፍ ቅርንጫፍ ይዛችሁ፣ እግራችሁን ከመሬት ሳታነሡ፣ ክብደታችሁን ቀስ ብላችሁ ልቀቁበት፤ 10 ሰከንድ፣ ከዚያ ዕረፍት፣ አምስት ጊዜ። በየሳምንቱ ጥቂት ክብደት ጨምሩ። ከመውጣታችሁ በፊትም ግማሽ ሰዓት መሟሟቅ አለ፤ በሃያ ዓመት ያለ እሱ ይሆን ነበር፣ አሁን አይሆንም።

«አሁን መጀመር ዘገየ» የምትሉ ደግሞ ይህን ስሙ። እ.ኤ.አ. በ1990 የታተመ አንድ ሥራ አለ፤ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የሚኖሩ፣ አማካይ ዕድሜያቸው 90 የሆነ 10 ሰዎች ለ8 ሳምንት በእግራቸው ክብደት አነሡ። የጭናቸው ኃይል በአማካይ በ174 በመቶ ጨመረ። እስከዚያ ድረስ «ሽማግሌ ያርፋል» ነበር ምክሩ። አላረፉም፣ ተነሡ።

ምግቡን እናንተ ታውቁታላችሁ፤ ከጋይንት ገብስ በሶ የተሻለ የተራራ ስንቅ አላውቅም፤ አይበላሽም፣ አይከብድም፣ ውሃ ብቻ ነው የሚፈልገው። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። በዕድሜ የገፋ ጡንቻ ፕሮቲን ሲሰጡት እንደ ወጣት ጡንቻ ቶሎ አይሰማም፤ በኪሎ ክብደት ከ1 እስከ 1.2 ግራም በቀን ይመከራል። በዓመት ከ180 ቀን በላይ ለሚጾም ሰው በሶ ብቻውን አይበቃውም፤ ሽሮው፣ ባቄላው፣ ምስሩ፣ ሽምብራው በዛ ይበል። ከከባድ ቀን በኋላም ለጡንቻው ሁለት፣ ሦስት ቀን ዕረፍት ስጡት። በዚህ ዕድሜ የሚጠነክረው ስናርፍ ነው።

ፍል ውሃውስ? ትጠይቁኛላችሁ። ሙቀት የደም ሥር ይከፍታል፣ የተኮማተረ ጡንቻ ያላላል፣ ሕመም ያስታግሣል። የተበላውን ንጣፍ ግን አይመልስም። ብዙ ሰው ለሳምንትና ከዚያ በላይ ይቆያል፤ እኔ እንደሚመስለኝ ከውሃው ሙቀት የማይተናነሰው፣ ያ ሁሉ ቀን ሸክም አለመሸከሙ ነው። ትኩስ እብጠት ያለበት ጉልበት ሙቅ ውሃ ባይገባ ይሻላል፤ የልብ ወይም የደም ግፊት ሕመም ያለበት ሰውም ሐኪሙን ጠይቆ ይግባ፣ ሲወጣም ከተቀመጠበት ቀስ ብሎ ይነሣ።

ይህን ሁሉ ለአባባ አወራሁላቸው፤ ያኔ ግማሹን ነበር የማውቀው። የሴባስቶፖልን ነገር ሲሰሙ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንግዲያ ጡንቻው ከኋላ የሚይዘው ሰው ነው በለኛ» አሉ። አዎ አልኳቸው። ጥቂት አሰቡና፣ «እኛ ይዘን ይዘን ነው የላላነው» አሉ።

ልሄድ ተነሣሁ። ስለ ሚዛን ብዙ ስለፈላሰፍኩ ካልሲዬን ቆሜ ላጥልቅ ብዬ አንድ እግሬን አነሣሁ። እስከ አራት ቆጠርኩ መሰለኝ። በአምስተኛው ተንገዳገድኩና ወደ ውሃው አዘነበልኩ፤ አባባ ከተቀመጡበት ሳይነሡ ዱላቸውን ዘርግተው ደረቴ ላይ ያዙኝ።